ቢጫዋ ድንቢጥ

ኅዳር 11፣ ጠዋት 1፡30
እህል ቀርቧል። ጎኑን የቆረጥኩት ጄሪካን ዘይቶኑ ላይ ተንጠልጥሏል። የተገኙ፦ ድንቢጥ ሰባት፣ ዋኖስ ሁለት፣ ቁራ አንድ (ያለ ጥሪ)። ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ በሰዓቱ የተጀመረ ስብሰባ አላየሁም።
ባለቤቴ ለተይ ከሞተች ሠላሳ አንድ ቀን። እሷ ስጥ ባሰጣች ቁጥር ዘንግ አስይዛ ወፍ ጠባቂ የምታደርገኝ እኔን ነበር። አሁን ጠባቂው ራሱ ይጋብዛል።
ጎረቤት ያመጣውን ሽሮ በላሁ። የበላሁ መሰለኝ፤ ሳህኑ ባዶ ነው።

ኅዳር 13
ንግስቲ፣ የለተይ ታናሽ እህት፣ ከዓይደር በባጃጅ መጣች። የአርባው ድስት ሁሉ ያለው ማ/ቤት ውስጥ ነው፣ ቁልፍ አምጣ አለችኝ። ጠፋ አልኳት። ቁልፉ የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው። ከቀብሩ ማግስት ቆልፌ አልገባሁም። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ ደብተሬ፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።
“ዋእ! ሰው የገዛ ቤቱን ቁልፍ እንዴት ያጠፋል?”
“በኮሚቴ።”
አልሳቀችም። እኔም።

ኅዳር 14፣ 1፡40
ዐቢይ ጉዳይ። ራሷም ደረቷም ቢጫ የሆነ ድንቢጥ! ሌሎቹ ራቅ ብለው ያዩዋታል፤ ከዋናው መ/ቤት የተላከች ተቆጣጣሪ ትመስላለች።

ኅዳር 15
መ/ር ኃይሉን ጠራሁ። ጎረቤቴ ነው፣ ባዮሎጂ ያስተምራል። መነጽሩን ሁለቴ ጠረገ። ሃያ ፎቶ አነሣ፤ አሥራ ዘጠኙ የዘይቶን ቅጠል። መጽሐፍ ላይ የለችም ሲል ፈረደ። አዲስ ዝርያ ሳትሆን አትቀርም፣ ከዩኒቨርሲቲው እንዳ ኢየሱስ ግቢ ምሁራን ይምጡ አለ። በስሜ ልትጠራ ነው። ደስታውን ጠበቅሁ። አልመጣም።

ኅዳር 16
ቢጫዎቹ ሦስት ሆኑ። ዝርያ በአንድ ቀን እንደማይባዛ መዝገብ ቤትም ያውቃል። በዐይኔ ተከተልኳቸው። ከጄሪካኑ ተነሥተው በተሰበረው የማ/ቤት መስኮት መስታወት ገቡ። አንዷ ይበልጥ ቢጫ ሆና ወጣች።
ፊቴን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ። ሰፌድ። የለተይ እርድ። ወቅጣ አስጥታው፣ ሳታነሣው ሆስፒታል ገባች። መሐሉ ጎድጉዷል፤ ድንቢጥ በአቧራ እንደሚታጠብ ይንከባለሉበታል። ጠባቂው ሥራ ለቆ የለ።
ለመ/ር ኃይሉ ነገርኩት። ምሁራኑ ጋ ደውሎ ጨርሷል። “ጋሼ፣ ወፏ ሞተች በልልኝ” አለ። በዚህ ግቢ ሌላ ሞት አልመዘግብም አልኩት።

ኅዳር 17፣ ጠዋት
ንግስቲ ደወለች፤ ከሰዓት ቁልፍ ሠሪ ይዛ ትመጣለች። ገብታ ትጠርጋለች። እርዱም አብሮ ይጠረጋል። እሷ ምን አጠፋች? ወፍ የረገጠው ነው።
ኮሚቴው ቁልፉን አግኝቶታል አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

ከሰዓት 9፡00
ራሴ ከፈትኩ። እርድ ሸተተኝ። ከቀብሩ ወዲህ የሸተተኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።
ድስቶቹ ወጡ። ንግስቲ መጥረጊያ ይዛ ሰፌዱ ዘንድ ደረሰች፤ ዘንጌን አግድም ያዝኩባት። “ኣታ፣ አበድክ?” አለች። ጥበቃ ላይ ነኝ አልኩ።
ውሳኔ፦ ከዳር ያለው፣ ወፍ ያልደረሰበት፣ ሁለት ማንኪያ ያህል፣ ለአርባው ክክ አልጫ ይግባ፤ ለተይ የወቀጠችው ነው። መሐሉ ለድንቢጦቹ ይተው። መስታወቱ አይጠገን።
ንግስቲ ተቃውማለች። ጸድቋል።