ሙሾ የወጣለት ባሌ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ
ወይራውን ዛሬ ጨው ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሁለት ማሰሮ ሞላ። ፎቲስ ቀኑን ሙሉ የጀልባውን ስንጥቅ ሲደፍን ዋለ። «እሷን እንደምትንከባከብ እኔን ብትንከባከበኝ» ስለው፣ «አንቺ ውሃ አታስገቢም» አይለኝም? ባለጌ። እናቱ እመት ሊጌሪ ሰምተው ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ማየት ብርቅ ነው። በዚህ በግሪክ መጨረሻ፣ በታይናሮን ጫፍ ባሉት መንደሮች ሁሉ እንደሳቸው ያለ አልቃሽ የለም... ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ቄሱ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ
ትናንት ጠዋት ብቻውን መረብ ሊጥል ወጣ። ከሰዓት የደቡብ ነፋስ ተነሳ። አልተመለሰም።

ጥቅምት 9
ከጀልባዋ ሁለት ሳንቃና አንድ መቅዘፊያ አገኙ። ሰዎቹ መቅዘፊያውን ደጄ ላይ አቁመው ቆባቸውን አወለቁ። ለመቅዘፊያ ነው ቆብ የሚወለቀው?

ጥቅምት 15፣ ዓርብ
ዘጠነኛ ቀኑ። ሬሳ ስለሌለ ልብሱን አልጋው ላይ ዘረጉት። ሸሚዙ፣ ሱሪው፣ ጫማው ከግርጌ። ባሕር ለበላው ሰው ወጉ ይኼ ነው። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀመጡ፤ እመት ሊጌሪ ጸጉራቸውን ፈትተው ሙሾውን አወጡ። ድንጋይ ያስለቅሳል...

እኔ ጥቁር አልለበስኩም። በቡኒ ቀሚሴ እንዳለሁ ጓሮ ገብቼ ልብስ አጠብኩ።

«ፓኖሬያ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉኝ እመት ሊጌሪ።
«ሬሳው ሲመጣ እቀመጣለሁ።»
«ነፍሱ መንገድ ላይ ናት። ካልሸኘናት ትንከራተታለች።»
«ትንከራተት። ሲደክማት ቤቷን ታውቀዋለች።»

ጎረቤቴ ማቲና ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሰው ምን ይለኛል? ይበል። ካለቀስኩ አመንኩ ማለት ነው። አላምንም።

ጥቅምት 28
ለፎቲስ ሳህን አቀርባለሁ። እመት ሊጌሪ ያነሱታል። መልሼ አቀርባለሁ። ያነሱታል። እንዲህ ሆነን ስንት ቀን... አንድ ቃል ሳንነጋገር።

ህዳር 16
አርባው። ንፍሮው ተቀቅሎ፣ በሮማን ፍሬና በስኳር አጊጦ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አልሄድኩም። ብቻዬን ስሆን ግን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ... አላለቀስኩም። ተቀመጥኩ ብቻ።

ህዳር 17፣ ማክሰኞ
መጣ።
በእግሩ መጣ። ጎኑን ይዞ፣ የሰው ኮት ለብሶ። «ምን አለ የሚበላ?» አለኝ። የማለቅሰውን ሁሉ አንድ ላይ አለቀስኩት።

ህዳር 19
አንድ የጭነት መርከብ ነው ከባሕር ያወጣው። ጎድኑ ተሰብሮ፣ ራሱን ስቶ፣ ነቃሁ ሲል እስክንድርያ ሆስፒታል። ደብዳቤ ልኬ ነበር ይላል። ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ፣ ጸሐፊው ራሱ ከደረሰ በሁለተኛው ቀን። አንብቤለት ሳቅን።

መንደሩ ግን አልሳቀም። ትናንት ቡና ቤት ሲገባ ሰዎቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ወጡ። አንዱ ዶሮዎቼን ላስገባ አለ... ዶሮ የለውም። እመት ሊጌሪም ልጃቸው ከመጣ ጀምሮ እህታቸው ቤት ናቸው። ሄጄ ነበር። በሩን ገርበብ አድርገው አነጋገሩኝ።

«ልጅዎ ነው እኮ፣ እማማ።»
«ሙሾ አውጥቼለታለሁ። ከአፌ ወጥቷል። ታች፣ ሙታን አገር ቦታ ተይዞለታል። እሱ ካልተቀመጠበት ሙታኑ በምትኩ ሌላ ሰው ይወስዳሉ። የማንን ልጅ ልስጣቸው?»

በሩን ይዘው ቆሙ፤ አልከፈቱት፣ አልዘጉት። ክፋት ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ፍርሃት ነው እንጂ... ለፍርሃት ምን ይባላል?

ህዳር 23
ውሃ ጉድጓዱ ጋ ከሴቶቹ ጋር ተጣላሁ። ከመንደራችን በታች ባለው ዋሻ ሄርኩለስ ወደ ሙታን አገር ወርዶ፣ ባለሦስት ራሱን ውሻ እየጎተተ መውጣቱን ገና ጡት ሳንጥል ነው የሰማነው። ለእንግዳ ሁሉ የምናወራው እሱን ነው።

«ሄርኩለስ ሲመለስ ዶሮዬን ላስገባ ያለው አለ?» አልኳቸው።
አሮጊቷ ካኔላ ባልዲዋን አስቀመጠች። «ለሄርኩለስ ማን ሙሾ አወጣለት? በቁሙ ወረደ፣ በቁሙ ወጣ። ያንቺው ግን ተሸኝቷል።»

ሴትዮዋ መልስ አላት። ተናድጄ ግማሹን ውሃ ደፋሁት።

ህዳር 26
ዛሬ ወይራ መጭመቂያው ጋ ተራችንን ለሌላ ሰጡት። ፎቲስ ቤት ገብቶ፣ «ፒሬየስ ወደብ ሄጄ መርከብ ላይ ልቀጠር» አለኝ። «ማንም የማያውቀኝ ቦታ። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል፣ ፓኖሬያ። አንዳንዴ ሳስበው ያልተመለስኩ ይመስለኛል።»

የፈራሁት ይኼን ነው። ባሕሩ ያልወሰደውን ጎረቤት ሊወስደው...

ህዳር 27
ጉድጓዱ ጋ ሄጄ ተናገርኩ። «ባሌ ታች ነው ካላችሁ እሺ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዋሻው ወርጄ አወጣዋለሁ። ለሟቾቻችሁ መልእክት ያለው ይንገረኝ።»
ሳቁ። ማቲና «ስንቅ ያዢ» አለችኝ።

ማታ ላይ ግን ካኔላ በሬን አንኳኳች። «ለባሌ... ፍየሏን ሸጫታለሁ በይው። ከፈለገ ይቆጣ።» ከሷ ቀጥሎ ሽማግሌው ዲካዮስ መጣ። ከወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልተው ሠላሳ ዓመት ሳይነጋገሩ ነው ወንድሙ የሞተው። «ድንበሩ የሱ ነበር በይው» አለኝና ዞሮ ሄደ። አሥራ አንድ መልእክት ያዝኩ። ልስቅ ነበር... አልቻልኩም።

ህዳር 29፣ እሁድ
መንደሩ በሙሉ ገደሉ ላይ ቆመ። ቄሱ አባ ያኮቮስ እንኳ «እኔ የመጣሁት ነፋስ ልቀበል ነው» እያሉ መጡ። የመንደሩ መምህር፣ «ስትወጡ ወደ ኋላ እንዳታዪ፣ ኦርፌዎስ ሚስቱን ከሙታን አገር ሲያወጣ ያጣት ዞሮ ነው» አለኝ። ቀልዱን ነው።

ዋሻው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። የፍየል በጠጥ፣ እርጥበት፣ ከዚያ ግድግዳ። አብሮኝ የወረደው ፎቲስ መጨረሻው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መልእክቶቹን አንድ በአንድ ለግድግዳው ተናገርኩ። አልዋሽም፣ አፍሬ ነበር። የዲካዮስን ግን ሁለቴ ተናገርኩት።

«እንውጣ» አልኩት። አልተነሳም።
«እዚህ ይሻላል። ማንም አይሸሸኝም።»

ቴሴዎስ ታች ወርዶ ከተቀመጠበት ድንጋይ ጋር ተጣበቀ ይላሉ። ሄርኩለስ ነው ጎትቶ ያላቀቀው። እኔ የሄርኩለስ ክንድ የለኝም፤ ያለኝ አፍ ነው።

«ስማ ፎቲስ። ለልብስህ ሲያለቅሱ እኔ ጓሮ ልብስ ሳጥብ ነበር። ሚስትህ ያልተቀመጠችበት ሽኝት ሽኝት አይደለም። ማንም አልሸኘህም። ተነስ።»

እጁን ሰጠኝ። 

ስንወጣ በየእርምጃው ዞሬ አየሁት። ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ጎድኑ ገና አልጠናም፤ ሳላየው እንዴት ልይዘው? መምህሩ ከላይ «ኧረ ዞረች» ሲል ሰማሁት። ዞርኩ። እዚያው ነበር።

የዋሻው አፍ ላይ እመት ሊጌሪ ቆመው ነበር።
«ሙሾው ጎዶሎ ነበር፣ እማማ» አልኳቸው ሁሉም እየሰማ። «እኔ የለሁበትም። ጎዶሎ ሙሾ ቦታ አይዝም።»

እመት ሊጌሪ ሰፊውን የላይ ቀሚሳቸውን አወለቁ። በልጃቸው ራስ ላይ አጠለቁት፣ በትከሻው፣ በወገቡ አውርደው በእግሩ አወጡት።

«ዛሬ ወለድኩት» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ያ የተለቀሰለት ሌላ ነው። ይኼ የዛሬ ልጅ ነው። የሚሸሸው ካለ አሁን ይንገረኝ፤ የሱንም ሙሾ ጀምሬለት ልሂድ።»

ማቲና፣ «ታዲያ ክርስትናው መቼ ነው?» አለች፤ ያኔ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ዲካዮስ መጥቶ የፎቲስን እጅ ጨበጠ። እኔን ግን በጆሮዬ፣ «ወንድሜ ምን አለ?» አለኝ። «ሰማ» አልኩት። ከዚህ በላይ ምን ልበለው?

ታህሣሥ 14፣ ሰኞ
ወይራውን ጨምቀን ጨረስን። ፎቲስ ከመጭመቂያው ባለቤት ጋር በተራ ተጣልቶ ሲሰዳደብ ዋለ፤ ሰውዬውም አፉን ከፍቶ መለሰለት። ደስ አለኝ።

ከሰዓት ከላይኛው መንደር አንዲት ሴት መጣች፣ ቪዮላ የምትባል። የልጇ መርከብ ከጠፋ አሥር ቀኑ። እመት ሊጌሪን ለሙሾ ልትጠራ ነው። እሳቸው አልተነሱም።

«ሬሳውን አሳዪኝና አለቅሳለሁ። ለጨርቅ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጫማሽን አድርጊ፣ ልጄ። ሄደሽ አብረሻት ተቀመጪ። ሳያለቅሱ መቀመጥ አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ልጄ አሉኝ። ልጃቸውን ካገባሁ በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሄድኩ። ቪዮላ ስንት ቀን ጠበቅሽ አለችኝ። አርባ አንድ አልኳት።
«የኔው ባይመጣስ?»
«ያኔ አብረን እናለቅሳለን። ዛሬ ግን ምሳሽን ብዪ።»

በላች። ትንሽ ነው፤ ግን በላች።