ሽማግሌ የተላከበት ምርመራ

አልምዬ፣

ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሞላ። አፈሩ ይቅለልሽ እያልኩ ነገር ላከብድብሽ ነው፤ ሌላ የምነግረው ሰው አጥቼ ነውና ታገሺኝ።

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ትጽፊበት የነበረው ጠረጴዛ ሳሎን ገብቷል። ልብስ እከምርበት ነበር፤ አሁን ከአቪዬሽን መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ተቀምጦበታል።

ባለፈው ወር ያቺ «ቆርቆሮህ» የምትያት ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላኔ ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ስትደርስ ሞተሯ ተንተፋተፈ። ሽንኩርት ማሳ አጠገብ ጠጠር መንገድ ላይ አሳረፍኳት። እኔም ሽንኩርቱም ተረፍን።

ደብዳቤው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የሆነውን በጽሑፍ አስረዳ፣ የበረራ መዝገብህን አቅርብ። ለባለጉዳዮችሽ የምትይው ትዝ አለኝ፦ «የተጠየቅከውን መልስ፤ ያልተጠየቅከውን ዋጠው፤ ኮፒ ሳታስቀር ወረቀት አትስጥ።»

መልሱን ሳልጀምር አጎትሽ ጋሽ ደምሴ ሰሙ። ሰው ከመሥሪያ ቤት ጋር ሲጋጭ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል። ጎረቤታችንን ሐጂ ከድርን ከሱቃቸው አስነሥተው፣ ለእኔ ሳይነግሩኝ አዲስ አበባ ወጡ። ጉዳዬን የያዙት መርማሪ ፊት ቆመው «ልጃችን አጥፍቷል፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልቡ አልተመለሰም፤ ስለ እኛ ብለው ይማሩት» አሏቸው። መርማሪው ሻይ ጋበዟቸው፤ የተናገሩትንም ቃል በቃል ጻፉት። ጋሽ ደምሴ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ «በል እንግዲህ፣ ነገሩን ጨርሰነዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለመርማሪው የቀረ ሥራ የለም።

የበረራ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ። ካንቺ በኋላ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣኝ እሱ ብቻ ነው።

የባሰው መዝገቡ ነው። ታውቂያለሽ፣ የእኔን ጽሑፍ እኔም አላነበውም። ሳርፍ ሰዓቱን እነግርሻለሁ፣ በዚያ በሚያምር እጅሽ ትጽፊዋለሽ፣ እኔ እፈርማለሁ። ካንቺ በኋላ ያለው ገጽ ባዶ ነው። በረርኩ፤ አልጻፍኩም። ከጽሑፍሽ ሥር የራሴን ጭረት ማስገባት አቃተኝ። ይሄ ለመርማሪ የሚነገር ምክንያት ነው?

ትናንት ጋሽ ደምሴ ደግሞ መጡ። «አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ሙላው፤ የሷን የሚመስል የእጅ ጽሑፍ ያላት ጸሐፊ አውቃለሁ» አሉኝ። አልዋሽሽም፣ እስኪሄዱ ጠብቄ እስክሪብቶ አነሣሁ። ያኔ ያ የሞጆ ሾፌር ትዝ አለኝ፤ ማመልከቻው ላይ ያለፈ ቀን ጻፊልኝ ብሎ ሲለምንሽ «ወንድሜ፣ ወረቀት ካንተ በላይ ዕድሜ አለው» ብለሽ የመለስሽው።

መዝገቡን ዘግቼ መልሱን ጻፍኩ። ሞተሩ ከተንተፋተፈበት እስካረፍኩበት ያለውን፣ ሳልጨምር። ሽማግሌዎቹን እንዳልላክኋቸው፣ እነሱም ያላዩትን እንደተናገሩ አንድ መስመር ገብቷል፤ ጋሽ ደምሴ ወዳንቺ ሲመጡ እንዳትነግሪያቸው። ስለ መዝገቡ ደግሞ ስምንት ወር እንዳልሞላሁት ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ አልተጠየቅኩም፤ ዋጥኩት።

ኮፒ አስቀርቻለሁ። ነገ ዋናውን መዝገብ፣ ያንቺን የእጅ ጽሑፍ፣ አስረክባለሁ። ይመልሱልኝ እንደሆን አላውቅም። ፈቃዱንም ቢወስዱት ምን ይዤ እንደምቀር አላውቅም። ይህን ብቻ ቃል እገባልሻለሁ፦ አንቺ ከጻፍሽው መጨረሻ መስመር በታች ውሸት አይገባም። ባዶውም ያንቺ ነው፤ እንዳለ ይቆይልሽ።