ጉራ የማይወደው ቅጽ

የኔ ዓለም፣ መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ። ከተማው ውስጥ እንደ እናትሽ የሚጽፍ የለም፤ እሺ፣ በማታ ክፍላችን፣ ያውም በእኔ ረድፍ። አባትሽ ደህና ነው፤ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ይፈራኛል።

የላክሽውን የኮሌጅ ክፍያ ድጋፍ ቅጽ ሞላሁልሽ። የወላጅ ሥራ ሲለኝ ሁለቱን የስፌት መኪናዎቼን አየሁና «የልብስ ፋብሪካ ባለቤት» ብዬ ጻፍኩ። የማታ አስተማሪዬ አንብባ ጮኸች፦ «እትዬ፣ ድጋፉ እኮ ለሌለው ነው! በዚህ ጉራ ልጅዎን ከትምህርት ሊያስቀሯት ነው?»

ክው አልኩ። ሰርዤ «ቤቷ ቁጭ ብላ ልብስ የምትሰፋ» አልኩና ፈረምኩ፤ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ሳልነክር! አንቺም ከሚሰጡሽ ገንዘብ የቱ ስጦታ፣ የቱ የሚመለስ ብድር እንደሆነ ሳትለዪ እንዳትፈርሚ።

ለምርቃትሽ ያብቃን። አንዲት ነገር ግን ዋሽቼሻለሁ፤ የስፌት መኪናዬ ያችው አንዷ ናት። ሥራ ስትይዢ ሁለት አድርጊልኝ።