ሱዳን የሄደው ሾፌር

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፬፣ አሶሳ

ዛሬ ከጎረቤቴ ከዘይነብ ጋር ያንን ድሮ በየሳምንቱ ቤታቸው ተሰብስበን የምናየውን የቴሌቪዥን ድራማ አንስተን ስንስቅ ዋልን። ድራማው ውስጥ ያለው የከባድ መኪና ሾፌር የሞተ ቀን ቤቱ ሙሉ ሰው አለቀሰ። ያኔ አማርኛ የማይሰሙት እናቷ ሐጃ "ምን ሆነ?" ሲሏት፣ ዘይነብ በበርታኛ "ለሥራ ሱዳን ሄደ" አለቻቸው። በጣም ይወዱት ስለነበር አልጨከነችባቸውም።

ሐጃ ዛሬ ጨዋታችንን ሰምተው ኖሯል። በኋላ በለመዷት አማርኛ "ያ ሾፌር ከሱዳን መጣ?" አሉኝ። ዘይነብ አቀረቀረች።

"መንገድ ላይ ነው፣ ሐጃ" አልኩ።

"ሲመጣ ጥሪኝ። ገንፎ እሠራለታለሁ።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። አይ የኔ ነገር! ቤቴ ከገባሁ ወዲህ ከባድ መኪና በበራችን ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ።