የልብስ ማጠቢያ ቤቴን ለመኪና ማቆሚያ ለጠየቁኝ የክለብ ባለቤት

ለተከበሩ አቶ ግራንት ሆሊስተር
የኬልተን ቤዝቦል ክለብ ባለቤት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤንነት እየተመኘሁ፣ አዲሷ የመዝናኛ ጀልባዎም በሰላም እንደከረመች ተስፋ አደርጋለሁ። ከስታዲየሙ በር ፊት ለፊት ያለውን የልብስ ማጠቢያ ቤቴን ገዝተውና አፍርሰው ለክብር እንግዶችዎ መኪና ማቆሚያ ለማድረግ እንደሚፈልጉ የገለጹበት ደብዳቤ ደርሶኛል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ምስጋና ያለብኝ ስለሆነ ጥቂት ይታገሱኝ።

1ኛ. ሀብታሞቹ ክለቦች የእኛን የመሰለ የትንሽ ከተማ ቡድን እንዲጠናከርበት ብለው ከገቢያቸው እየቆረሱ በየዓመቱ የሚልኩልዎን ገንዘብ ተጫዋች ላይ ባለማባከንዎ እጅግ አመሰግናለሁ። ገንዘቡ በመጣ ቁጥር ቡድኑ እየከሳ ጀልባዎ እየረዘመች መሄዷን ከተማው ሁሉ በአድናቆት ይከታተላል።

2ኛ. ጢም ሳያበቅል መጥቶ እዚሁ የጎለመሰውን ኳስ ወርዋሪያችንን ዴልቪን አርሴኖን፣ ደመወዙ ሊያድግ ሲል፣ ያንኑ ገንዘብ ለሚልክልዎ ሀብታም ክለብ ስለሸጡልን አመሰግናለሁ። ባሌ ኤሜት በዚያ ሐምሌ ታሞ አልጋ ላይ ነበር፤ ቀኑን የሚያሳልፈው ዴልቪን ሲወረውር በሬዲዮ እየሰማ ነበር። ሽያጩን በዜና የሰማ ዕለት «ዝጊው በቃ፣ ሎሬታ። ከእንግዲህ ማንን ልስማ ብዬ ነው?» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሬዲዮው እንደተዘጋ በመስከረም አረፈ። ይህችን አንቀጽ በጨዋ ደንብ ለመጨረስ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅር አላልኩዎትም፣ አልልዎትምም።

3ኛ. ከቀብሩ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ፣ ለብዙ ዘመን ታማኝነቱ እያመሰገኑ በስታዲየሙ በየዓመቱ የሚገዛው መቀመጫ ዋጋ መጨመሩን በስሙ በተጻፈ ደብዳቤ ስላበሰሩት አመሰግናለሁ። ከሐዘንተኞቹ መካከል የሳቀ ቢኖር በዚያ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ያቀረቡልኝ ዋጋ የሚያስደነግጥ ልግስና ነበር። ለካ ሲፈልጉ ገንዘብ ማውጣት ያውቁበታል! ሆኖም መሬቱን ባለፈው ማክሰኞ፣ ቤቱ ፈርሶ ልጆች ቤዝቦል እንዲጫወቱበት ለከተማው በነጻ የሰጠሁ መሆኔን በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ። እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ፣ መኪናም እንዳይቆምበት በውሉ ላይ ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ ጠበቃዬ ይህን ያህል አያስፈልግም ቢለኝም ለእርስዎ ክብር ስል አንዱንም አልቀነስኩም። እንግዶችዎ ከድልድዩ ማዶ አቁመው በእግራቸው ቢመጡ ለጤናቸውም ይበጃል።

ለክቡርነትዎ ከሚገባዎት አክብሮት አንዲት ጠብታ ሳላጓድል፣
ሎሬታ ክዊንላን
የቀድሞ ደንበኛዎ

ማሳሰቢያ፦ ሜዳው በሚያዝያ ይመረቃልና እንዲገኙልን በትሕትና እጋብዛለሁ። ተጫዋቾቹ ደመወዝ ስለማይጠይቁ እንደሚወዷቸው አልጠራጠርም፤ ሊሸጧቸው ግን አይችሉም፣ እናቶቻቸው አጥሩ ዳር ቆመው ይጠብቋቸዋል።