ከእህቴ ጆሮ ሥር ለቆሙት ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የኮምፒውተር አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነሥቼ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ በተለይም ሐሙስ ዕለት በማንሾካሾክ የደከመው ጉሮሮዎ ተሽሎት እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቼ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ። ጉሮሮዎን ምን እንዳደከመው ወደ ታች እመጣበታለሁ።

እኔ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ኮምፒውተር የምጠግን ሰው ነኝ። ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ውስጡንም ከፍቶ አይቶ ሊያርመው የሚችል ኮምፒውተርን የሚያሠራ አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ፤ አዲስ እትም ሊወጣ ሲል ጎረቤቱን ሰብስቤ የሙከራ ቀን አዘጋጃለሁ። ዳቦ ጋጋሪው ሒሳቡን፣ ጡረታ የወጡት መምህርት ደብዳቤያቸውን እንደ ወትሮው ይሠራሉ፤ የተሰናከለውን ለሠሪዎቹ እንነግራለን፤ እነሱም ያርሙታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ፣ እኛም የምንሰበሰበው በሽታ ፍለጋ ነው። የሱቄን ጥበት አይተው፣ አዝነው፣ ትልቁን አዳራሽዎን ለሐሙስ ስለፈቀዱልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ያኔ እሺ ከምል ምነው እግሬን በሰበረው ያሰኘኝ ነገር ግን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሮቹን ለክብራቸው ሲሉ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ የጋበዟቸው ክቡር እንግዳ መጥተው እስኪገልጧቸው ድረስ ማንም እንዳይነካቸው ዘበኛ ስላቆሙልን እናመሰግናለን። እንግዳው የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሊጡን ጥሎ መጥቶ፣ ጨርቅ ሲያይ አርፍዶ ተመልሷል።

ሁለተኛ፣ በእንግዳ ፊት ስህተት ማግኘት ነውር መሆኑን በማይክሮፎን ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እስከዚያ ቀን ድረስ እኛ ስህተት ያገኘውን ሰው ነበር የምናሞግሰው፤ አጉል ልማድ ኖሯል። የመምህርቷ ስክሪን ድንገት ሲጨልም ሁለት ሠራተኞችዎ እሳቸውንም ኮምፒውተራቸውንም በትሕትና ደግፈው ወደ ኮሪደር አወጧቸው። መምህርቷ ደህና ናቸው፤ ስክሪኑ ግን እስካሁን እንደጨለመ ነው።

ሦስተኛው የእህቴ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢያጥር አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ታላቄ ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት፤ ዓይኗ አያይም። በሆስፒታል ስልክ አገናኝ ናት። ስክሪኑ ላይ ያለውን ኮምፒውተሩ በጆሮ ማዳመጫ ያነብላታል፣ እሷም የታማሚ ቤተሰብን ከሐኪም ታገናኛለች። በአዲሱ እትም ግን የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጭጭ ይላል፤ እዚያ ላይ ጭጭ ካለ ለእሷ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ሆስፒታሉ ይህንኑ እትም ሰኞ ይጭናል፤ ኮምፒውተሩን መክፈት ያቃተው ሠራተኛ በሌላ እንደሚተካም ሥራ አስኪያጁ ተናግረዋል። እኔ ያን ሁሉ ሰው የጠራሁት በዋናነት ለዚያች ዝምታ ነበር።

እህቴ በእንግዳውና በሥራ አስኪያጇ ፊት ተቀመጠች፤ ድምፁም እንደፈራነው ጭጭ አለ። ሠሪዎቹ ማወቅ የነበረባቸው ይህንኑ ነበር። እርስዎ ግን አንጀትዎ አልችል ብሎ ከኋላዋ ጎንበስ አሉና፣ የጆሮ ማዳመጫውን በጣትዎ ገለጥ አድርገው፣ ማስቲካዎን እያኘኩ፣ አሁን ጻፊ፣ አሁን ተጫኚ እያሉ አንሾካሾኩላት። ተከፈተ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ እንግዳውም እጇን ጨበጡ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ የሚታየኝ ጀርባዎ ብቻ ስለነበር፣ ሞኙ፣ ችግሩ በተአምር ጠፋ ብዬ አብሬ አጨበጨብኩ።

እውነቱን የነገረችኝ ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር ማስቲካ አያኝክም አለችኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ አለቃዋ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው አልቻልኩም ብትል ሰኞ እስኪደርስም እንደማይጠብቋት ነገረችኝ። በራችን ላይ ስንደርስም «ሰኞ ጠዋት ጆሮዬ ሥር ማን ይቆምልኛል?» አለች። ጥያቄዋን ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ፣ ክቡርነትዎ።

አራተኛ፣ ዓርብ ጠዋት በጽሕፈት ቤትዎ ስም፣ ማየት የተሳናት ሠራተኛ አዲሱን እትም ያለ አንዳች እንከን ተጠቅማበታለች ብለው ለሠሪዎቹ ስለጻፉ እናመሰግናለን። እኔም የሆነውን ጽፌላቸው ነበር፤ ሆኖም አዳራሹን የሰጠው መሥሪያ ቤት ይሠራል እያለ በአንድ ጠጋኝ ቃል እትሙን እንደማያዘገዩ በጨዋ ቋንቋ መለሱልኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። እትሙ ተዘግቶ ሠሪዎቹ እርማት መቀበል የሚያቆሙት ነገ ነው። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚያ በፊት ለሠሪዎቹ፣ ያነበበው ኮምፒውተሩ ሳይሆን እኔ ነበርኩ ብለው ይጻፉላቸው። ጮክ ብሎ መናገር ከከበደዎም ማንሾካሾኩን ይችሉበታል።

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ እያልኩ፣ በአዳራሽዎ ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው፣

አክባሪዎ ኮምፒውተር ጠጋኙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልመናዬ ካልተመቸዎ እህቴ ሌላ መላ አላት። ከሰኞ ጀምሮ ከጠረጴዛዋ አጠገብ፣ በግራ ጆሮዋ በኩል፣ አንድ ወንበር አዘጋጅታልዎታለች። ሥራው የሚጀምረው በማለዳ ነው፤ ማስቲካውን ቤት ይተዉት። አደራዎን እንዳይቀሩባት፤ ልጇ የታመመባት እናት ስትደውል፣ ኮምፒውተራችን ስብሰባ ገብቷል ብላ መመለስ ያሳፍራታል።