በአንድ ፊርማ የተራዘሙ አሥራ አንድ ዓመታት

እኔ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ባለአንድ መስኮት ክፍል አርባ ስድስት ዓመት የሰው ውል ስጽፍ የኖርሁ ሽማግሌ፣ ዛሬ ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ አእምሮዬ ሙሉ፣ ምላሴ የተፈታ፣ ልቤ ብቻ እንደ አሮጌ ሞተር እየተንገታገተ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት እናገራለሁ። ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጸሐፊው በራስጌው ላይ በቁጥርም በፊደልም አስፍሮታል። አይቼዋለሁ፤ አልተሳሳተም።

ጸሐፊው ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ባልንጀራዬም ባላንጣዬም ነው። ማኅተሙ ሁልጊዜ ቀለም ስለሚያጥረው «ደረቅ ቀለም» ያልሁት እኔ ነኝ፤ ስሙም ጸንቶበት ቀረ። ሠላሳ ዓመት ደንበኛ ስንናጠቅ ኖረናል። ዛሬ የገዛ እጄ ይንቀጠቀጥብኛል፤ ልጄ ደግሞ ነገሩ የሚነካት ናትና ብዕር መያዝ አይገባትም፤ ስለዚህ ወደ እርሱ ላክሁ። ሲመጣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት ነበር። «በመጨረሻ ደንበኛዬ ሆንክ!» አለኝ። ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ።

ምስክሮቼ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጫማ ሠሪውና ጡረታ የወጡት መምህርት ናቸው። ከእነርሱ ማንም ከእኔ አይወርስም፤ የሚወርስ አይመሰክርምና። ጫማ ሠሪው ይህን ሲሰማ ትንሽ ቅር ብሎታል።

ሦስቱ ልጆቼ ግድግዳውን ተደግፎ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ታላቁ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ታናሹ ፀጉር አስተካካይ ነው። መካከለኛዋ ቀያሽ ናት፣ መሬት ለክታ ካርታ የምታነሣ ባለሙያ፤ ይሁን እንጂ ያለፉትን አሥራ ስምንት ዓመታት የኖረችው በዚህች ክፍል ከእኔ ጋር ውል ስትጽፍ ነው። ሁላችሁን የጠራሁት ስለዚህ ጉዳይ ነው። ሌላው እግረ መንገድ ነውና በፍጥነት ልጨርሰው።

የምንኖርበት ባለሦስት ክፍል ቤት ለሁለቱ ወንዶች ልጆቼ እኩል ይሁን። ሹፌሩ ግድግዳ ከማፍረሱ በፊት ወንድሙን ይጠይቅ። ፀጉር አስተካካዩም በሰው ንግግር መካከል ራሱን መነቅነቁን ይተው። አንድ ጊዜ መስታወት ነጋዴው ዋጋ ሲነግረው፣ እርሱ በራዲዮ ዘፈን ራሱን ቢነቀንቅ፣ ነጋዴው ስምንት መስታወት አራግፎለት ሄደ። ያዳንሁት «ያልሰማውን ነገር የተቀበለ ሰው የለም» ብዬ ግማሽ ቀን ተከራክሬ ነው። ሰባቱ ተመለሱ፤ ስምንተኛውን ሚስቱ ወደደችው።

ለሹፌሩ በተጨማሪ መነጽሬን ትቼለታለሁ። ዓይኑስ ደህና ነው፤ ነገር ግን ከመፈረሙ በፊት የወረቀቱን ጀርባ የማየት ልማድ የለውም።

ለደረቅ ቀለምም አንድ ነገር ልተውለት ፈልጌ ነበር፤ ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው ግን ከዚያው ኑዛዜ አይወርስም። ስለዚህ አዲስ የማኅተም ቀለም በቁሜ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ስጦታም ተቀባይ ይፈልጋልና «ተቀብያለሁ» ማለቱን አረጋግጬ ነው።

አሁን ወደዚህች ክፍል ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ሹፌሩ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ፣ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ያለች ክፍል የስልክ መሸጫ ብትሆን እንዴት እንደምታዋጣ ለወንድሙ ሲያስረዳው ሰምቻለሁ። የተኛሁ መስሎት ነው። ልጄ ሆይ፣ ክፍሏን ለአንተ አልሰጥም። ለእኅትህም አልሰጥም። ሰው መስጠት የሚችለው የራሱን ነው፤ ይህች ክፍል ደግሞ የእኔ መሆኗ ከቀረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ በሃያ ሁለት ዓመቷ የቅየሳ ትምህርቷን ጨርሳ መጣች። በዚያው ሰሞን ረዳቴ ጥሎኝ ሄዶ የደንበኛው ወረፋ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። «ሰባት ዓመት አብረሽኝ ሥሪ፤ ሰባቱ ሲሞላ ክፍሏ የአንቺ ትሆናለች፣ የቅየሳ ቢሮሽን ትከፍቺባታለሽ፣ እኔ ወንበሬን ይዤ ወደ ቤቴ እገባለሁ» አልኋት። ጊዜውም ዕቃውም የታወቀ፣ ጥርት ያለ ሐሳብ ነበር። ሁለት ቀን አሰበችበት። ከዚያ ሜትሯን ይዛ መጥታ ክፍሏን ለካችና «አራት ሜትር ከሃያ በሦስት። ይበቃኛል፤ እስማማለሁ» አለች። ጻፍነው፤ ፈረምነው። እናቷ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንደኛዋ ምስክር ነበረች። ሁለተኛው ምስክር ይህን አሁን የሚጽፈው ሰው ነው፤ አንገቱን ቢደፋም።

ሰባቱ ዓመት ሞላ። በሞላበት ጠዋት ልጄ የመለኪያ መሣሪያዋን ባለሦስት እግር መቆሚያ ከቤት ተሸክማ መጥታ ከጥግ አቆመችው። እኔ ገባሁና ባርኔጣዬን ሰቀልሁበት። ቀጥዬም ውሉን ከመሳቢያ አውጥቼ በጀርባው «ይህ ውል በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ለአንድ ዓመት ተራዝሟል» ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁ። ለእርሷ ፊርማ ቦታ ተውሁና መልሼ ቆለፍሁበት። እርሷ ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም አላልኋት። በዓመቱም እንዲሁ፣ በዓመቱም እንዲሁ፣ አሥራ አንድ ጊዜ። የወረቀቱ ጀርባ ስለሞላ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያሰፈርሁት በኅዳጉ ላይ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህን ያደረገው ውል የማያውቅ ሰው አይደለም። አንድ አከራይ በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ጭማሪውን ስነግረው ተከራዬ ዝም ብሏል፤ እንግዲህ ተቀብሏል ማለት ነው» ቢለኝ፣ «ዝምታ ዝምታ ነው እንጂ እሺታ አይደለም። ሁለት ሆናችሁ ያሰራችሁትን ብቻህን አትፈታውም። ሂድና ጠይቀው፤ በጽሑፍ የተዋዋላችሁትንም በጽሑፍ ቀይሩት» ብዬ መለስሁት። ተቆጥቶ ወደ ደረቅ ቀለም ተሻገረ። ጥሩ ደንበኛ ነበር፤ ግን ደስ አለኝ። ለሰው ሲሆን እንዲህ ቀጥ ያልሁ ነኝ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እኔ ነኝ።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ልናገር። ብጠይቃት እምቢ እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። ከሄደች ይህች ክፍል ጸጥ ትልብኛለች፣ እኔም ሽማግሌ መሆኔን በዚያው ቀን አውቀዋለሁ ብዬ ፈራሁ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም በአንድ ላይ ላጠፋ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ደረቅ ቀለምን «አንተስ ምስክር ሆነህ ምነው ዝም አልክ?» አልሁት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ። «ደግሞስ እሷ ቢሮዋን ከፍታ አንተ ቤትህ ብትገባ ከማን ጋር ልጣላ ነበር?»

የገዛ ቃሉን በገዛ እጁ ጽፎታል።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው፤ ክፍሏ ከውርሴ ውጭ ናት፣ ወንድሞቿ የሚካፈሉት ነገር የለባትም። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ «አባባ፣ የማንካፈለው ከሆነ ታዲያ ምን ልንሠራ ኑ አልከን?» አለኝ። «ነገ ያልሰማሁት ነገር ነው እንዳትል» አልሁት። ሳያስበው ሳቀ፤ ከዚያም «እሺ፣ ሰምቻለሁ» አለ። ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ፤ በመምህርቷ ጥያቄ ግን «እስማማለሁ» ብሎ በአፉም ተናግሯል።

እዚህ ላይ ልጄ ከአግዳሚው ተነሣች። የምትለውን እንዳለ ጻፍ ብዬ ጸሐፊውን አዘዝሁት።

«አባባ፣ ፈርቼህ ዝም ያልኩ እንዳይመስልህ» አለች። «በየዓመቱ ያን ቀን ብዕር ይዤ ነበር የምመጣው። ‹ትስማሚያለሽ ወይ?› እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው። አንዲት ቃል! መሳቢያውን ከፍተህ ስትጽፍ አይሃለሁ። ትቆልፈዋለህ። ከዚያ ‹ቀጣይ ይግባ› ትላለህ።»

«ብጠይቅሽ ምን ትይኝ ነበር?»

«ለሦስቱ ዓመት እሺ እልህ ነበር። እማ ታማ ነበር፣ አንተም ብቻህን አትችለውም ነበር። ለስምንቱ ግን እምቢ ነበር የምልህ። እምቢ ብዬህም ቢሆን በየቀኑ እየመጣሁ አይህ ነበር እኮ። እሱን ነው ያላወቅከው።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም ጠረግሁ። ደረቅ ቀለም መጻፉን አቁሞ ነበርና ቀጥል አልሁት።

ውሉን አውጥቼ ሰጠኋት። ገለበጠችው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማራዘሚያዎች አነበበችና በአጠገባቸው ፈረመች። የቀሩትን ስምንቱን በማስመሪያ እያሰመረች ሰረዘቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል። ይህንን ምስክሮቹ አይተዋል። ስለ ስምንቱ ዓመታት በምን እንደምክሳት አላውቅም፤ በቤቴም በዕቃዬም የሚተመን አይደለም። ይቅርታ ጠየቅኋት። በሰው ፊት የጠየቅኋት እንዲጻፍ ብዬ ነው።

ከዚያም «እንደ ውላችን ክፍሏን ዛሬ ትረከቢያለሽ? ትስማሚያለሽ ወይ?» አልኋት።

«እሺ፣ ግን...» አለች።

በእኛ ሥራ «እሺ፣ ግን» ማለት እሺ ማለት አይደለም። የቀረበውን ሐሳብ ትቶ ሌላ ሐሳብ ማቅረብ ነው፤ የመቀበልና ያለመቀበል ተራውም ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። ደረቅ ቀለም ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። «አስተምረህ አስተምረህ ጉድህን አየህ!» አለኝ።

«ግን ወንበርህን ይዘህ ቤት አትገባም» አለች ልጄ። «መስኮቱ ጋ ትቀመጣለህ፤ ተከራዬ ነህ። ኪራይ አልጠይቅህም፤ ደንበኞቼ ላይ እንዳትጮህ ብቻ። ዘመኑ አንድ ወር ነው። ወሩ ሲሞላ የሚራዘመው አንተ በአፍህ ጠይቀኸኝ እኔ እሺ ስልህ ነው። ዝም ካልክ ያበቃል።»

ኪራይ የማይከፈልበት ኪራይ የለም፣ እርሱ ትውስት ነው ብዬ ላርማት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት። «እስማማለሁ» አልሁ፤ አንድም «ግን» አልጨመርሁበት። በንጹሕ ወረቀት ተጽፎ ሁለታችንም ፈርመንበት ከዚህ ኑዛዜ ጋር ተያይዟል።

የቀረኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሐኪሙን እውነቱን ንገረኝ ብዬ ብይዘው ከሁለት ወር በላይ አልሰጠኝም። ልጆቼ፣ ይህን አሁን ገና መስማታችሁ ነውና አትደንግጡ። ሐኪሙ የእኔን ልብ እንጂ የእኔን ግትርነት አልመረመረም። ልጄን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ልጠይቃት ቆርጫለሁ።

ቃሌ ከላይ እስከ ታች ሲነበብልኝ በጆሮዬ ሰምቼ፣ የተጨመረብኝም የጎደለብኝም እንደሌለ አረጋግጬ፣ በሚንቀጠቀጥ ነገር ግን በራሴ እጅ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዡ፦ ፊርማ

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፦ ፊርማ
ልብስ ሰፊዋ፦ ፊርማ
ጫማ ሠሪው፦ ፊርማ
ጡረታ የወጡት መምህርት፦ ፊርማ

የጸሐፊው ማረጋገጫ፦ ይህ ጽሑፍ አንድ ስርዝ አለበት። «ልጄን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ልጠይቃት» በሚለው ቃል ውስጥ «ሦስት» የሚለውን ቀያሿ ሰርዛ በራሷ እጅ «አሥራ ሁለት» ብላ ጽፋለች። ተናዛዡ ተጠይቆ ተስማምቷል፤ ስርዙን ሁለቱም ፈርመውበታል።